እናት የሌለው ጫጩት፦ የመታቀፍ ታሪክ ከግብፅ ምድጃ እስከ ጎጃም ቆጥ



ቁርኣን የቀራ ደረሳ ሁሉ «ሰልዋ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። በሱረቱል በቀራ 57ኛው፣ በሱረቱል አዕራፍ 160ኛው እና በሱረቱ ጣሃ 80ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ለበኒ ኢስራኢሎች በበረሃ ያወረደላቸው ሲሳይ ሲዘከር፣ ሰልዋ ከመን ጋር አብሮ ተጠቅሷል። የተፍሲር ዑለማእ ስለ ሰልዋ ምንነት ተነጋግረዋል። ጥቂቶች ማር ነው ያሉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ግን ወፍ ነው፤ ዐረቦች «ሱማና» የሚሉት ወፍ ወይም እሱን የሚመስል ነው ብለዋል። ሱማና በአማርኛችን ድርጭት ነው።

ድርጭት ለጎጃም ሰው እንግዳ ስም አይደለም። በስንዴው፣ በጤፉና በሣሩ መካከል ተሸሽጎ የሚውል፣ ሰው ሊረግጠው እስኪደርስ ድረስ የማይነሳ፣ ከዚያ ግን ከእግር ሥር ድንገት ብር ብሎ ልብ የሚያስደነግጥ ትንሽ ወፍ ነው። ሰው ከሚያየው ይልቅ ድምፁን የሚሰማው ይበዛል።

በዛሬው ዘመን ይህ ወፍ፣ ወይም በትክክል ለመናገር የእሱ የሥጋ ዘመድ፣ በብዙ አገሮች በቤት ውስጥ ይረባል። እንቁላሉ ይሸጣል፤ ሥጋው ይበላል። በእኛም አካባቢ በጓሮ ትንሽ የወፍ ቤት ሠርቶ ድርጭት ማርባት የሚያምራቸው ወጣቶች አሉ። የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ ዋጋ፣ ስለ መኖውና ስለ ገበያው ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ እላለሁ፦ እንቁላሉን ማን ይታቀፈዋል? ይህ ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ የረጅም ዘመን ታሪክ አለው። እነሆ ታሪኩን አብረን እንመልከት።

የሜዳው ድርጭት

የዱር ድርጭት ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። ይሁንና ይህ ትንሽ ፍጡር በአውሮፓ ክረምት ሲቃረብ የሜዲትራኒያንን ባሕርና የሰሐራን በረሃ ተሻግሮ ወደ አፍሪካ ይመጣል። ከሚያርፍባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ከመጤዎቹ ሌላ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በደጋችን የሚኖር ነዋሪ ድርጭት አለ። መጤዎቹ በመንገዳቸው የሲናን የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ ከድካም ብዛት መሬት ላይ ይወድቃሉ፤ በዚያ የሚኖሩ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ በመረብ ሲይዟቸው ኖረዋል። የሰልዋን ታሪክ የሚያነብ ሰው ይህንን ሲያውቅ አካባቢው በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል።

የዱር ድርጭት እናት ጎጆዋን መሬት ላይ፣ በሣር መካከል ታበጃለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 እንቁላል ጥላ ለ17 ወይም ለ18 ቀን ብቻዋን ትታቀፋለች። ወንዱ በመታቀፉም ሆነ በማሳደጉ አይረዳትም። ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ በወጡ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይራመዳሉ፤ እሷም ከክንፏ ሥር እያሞቀች፣ ምግብ እያሳየች፣ ጭልፊት ሲመጣ እየጠራች ታሳድጋቸዋለች። ይህንን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። ፈጣሪዋ ያስታጠቃት ነው።

የጃፓኑ ድርጭት፣ መታቀፍን የተወችው ወፍ

በቤት የሚረባው ድርጭት ግን የእኛ የሜዳ ድርጭት አይደለም። የጃፓን ድርጭት የሚባል የቅርብ ዘመድ ነው። ጃፓኖች ይህንን ወፍ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መጀመሪያ ያረቡት ለእንቁላሉ ሳይሆን ለድምፁ ነበር፤ በቤታቸው እያስቀመጡ ጩኸቱን ይሰሙት ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን እንቁላል የሚበዛላቸውን እየመረጡ ማርባት ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ርቢው ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በተረፉት ጥቂት ወፎች እንደገና ተስፋፍቶ ወደ ዓለም ሁሉ ተበተነ።

የዚህች ወፍ ፍሬያማነት በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። በተፈለፈለች በ6 ወይም በ7 ሳምንቷ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ250 በላይ ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል ከ10 እስከ 12 ግራም ይመዝናል። የእኛ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል፣ ይህች በእጅ መዳፍ የምትያዝ ወፍ በቁጥር አምስት እጥፍ ያህል ትበልጣታለች ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የምትታቀፍ ወፍ እንቁላል መጣል ታቆማለች። ስለዚህ አርቢው በየትውልዱ መጣል የማታቋርጠውን ሲመርጥ፣ ሳያውቀው መታቀፍ የማትወደውን መረጠ። ዛሬ የቤት ድርጭት እንቁላሏን በሄደችበት ጥላ ዘወር ብላ አታየውም። ቁጥሩ በዛ፤ እናትነቱ ቀረ። ሰው እንቁላሏን በወሰደ መጠን የእናትነት ሥራዋንም በራሱ ትከሻ ላይ ጫነ።

የግብፅ ምድጃዎች

አንባቢ ሆይ! ይህ ነገር በድርጭት አልተጀመረም። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ በግብፅ አለ። የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ግብፃውያን እንቁላልን በፍግ ውስጥ ቀብረው እንደሚፈለፍሉ ጽፎ ነበር። ኋላም በጭቃ ጡብ የተሠሩ ትላልቅ የመፈልፈያ ምድጃዎች በዓባይ ዳር ተስፋፉ።

ስለ እነዚህ ምድጃዎች ግልጽ አድርገው ከጻፉት መካከል የባግዳዱ ሐኪምና ዓሊም ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ አንዱ ናቸው። እኚህ ሰው በ629 ዓመተ ሒጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1231 የሞቱ ሲሆን፣ ግብፅ ሳሉ በዓይናቸው ያዩትን «አል-ኢፋዳ ወል-ኢዕቲባር» በሚባለው መጽሐፋቸው አስፍረዋል። በአንድ ግቢ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ክፍሎች እንደሚሠሩ፣ በእያንዳንዱ ክፍል 2,000 እንቁላል እንደሚደረደር፣ ሙቀቱም ከፍግ እንደሚገኝ ገልጸዋል። ሠራተኞቹ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። እንቁላሉን አንስተው በዓይናቸው ሽፋን ላይ በማድረግ ብቻ ሙቀቱ መብዛቱንና ማነሱን ይለዩ ነበር። ይህ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነበር፤ በናይል ዴልታ የምትገኘው የቢርማ መንደር ሰዎች በዚሁ ጥበብ የታወቁ ነበሩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኦሙር ምድጃዎቹን አጥንቶ በአውሮፓ ለመሞከር ብዙ ደክሟል፤ ስለ ጉዳዩም እ.ኤ.አ. በ1749 መጽሐፍ አሳትሟል።

አል-ባግዳዲ ከጻፉት ውስጥ እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የምድጃው ስፋት አይደለም። በግብፅ ምድር በዶሮ እቅፍ የተፈለፈለ ጫጩት ማየት ብርቅ እንደሆነ፣ እንዲያውም ዶሮ ራሷ ታቅፋ ልትፈለፍል እንደምትችል ፈጽሞ የማያውቁ ሊኖሩ እንደሚችሉ ማስፈራቸው ነው። ልብ እንበል! ምድጃው ሥራውን ለብዙ ትውልድ ሲሠራ፣ ሰው የእናቲቱን ሥራ እስከ መርሳት ደረሰ ማለት ነው። ዶሮዎቹም እንደ ሰዎቹ ናቸው፤ የፋዩም ዶሮ የሚባለው የግብፅ ዝርያ ለመታቀፍ እምብዛም የማይፈልግ በመሆኑ ይታወቃል። ይህ ዝርያ ወደ አገራችንም መጥቶ በግብርና ምርምር ተቋማት ተሞክሯል።

የጎጃሟ ዶሮ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ዶሮ በአገራችን የቆየች እንስሳ ናት። በትግራይ መዝበር በተባለ ቦታ በተደረገ ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደብ የዶሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ይህም ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊው መሆኑን ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 አስታውቀዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮ ለኢትዮጵያዊቷ ሴት የራሷ ቦርሳ ሆና ኖራለች። በሬው የባል፣ እንቁላሉ የሚስት ነው። ጨውና በርበሬ፣ ለልጅም ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከዚሁ ነው።

የጎጃም እናቶች ዶሮ ሲያስታቅፉ ያየ ሰው ሥራቸው ምን ያህል በእውቀት የተመላ እንደሆነ ይረዳል። በመጀመሪያ የምትታቀፈዋ ዶሮ ትመረጣለች፤ ሰውነቷ ሰፋ ያለ፣ ቀደም ብላ በደህና የፈለፈለች፣ የማትደነብር መሆን አለባት። እንቁላሉ በፀሐይ ብርሃን ይታያል፤ ይነቀነቃል፤ ያረጀውና የተሰነጠቀው ይለያል። ከዚያም በሰባራ ገንቦ ወይም በቀርከሃ ቅርጫት ላይ ጭድ ተጎዝጉዞ፣ ጨለም ባለ የቤት ጥግ፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ያህል እንቁላል ይደረግላታል። ጊዜውም ይመረጣል። ክረምት ብርዱና ጭቃው፣ ከዚያም አልፎ ፈንግሉ ጫጩት ስለሚጨርስ፣ አስተዋይ እናት የበጋውን ወራት ትጠብቃለች።

ዶሮዋም 21 ቀን ትቀመጣለች። በቀን አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ወርዳ ጥሬ ለቅማ፣ ውሃ ጠጥታ፣ አፈር ታጥባ ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በመንቁሯ ታገላብጣለች፤ የዳር የነበረውን ወደ መሃል፣ የመሃሉን ወደ ዳር ታመጣለች። የዛሬ ፋብሪካ የሚሠራቸው ማሽኖች የሚኮሩበት ሙቀት መጠበቅ፣ እንቁላል ማገላበጥ፣ አየር መስጠት፣ ርጥበት መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ዶሮ ደረት ሥር አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌያችን ከዚህ እንጂ ከማሽን አልተገኘም።

ይሁንና የእናቶቻችንን ሌላ ጭንቀትም መሸሸግ አይገባም። ዶሮዋ ስትታቀፍና ጫጩት ስትመራ ሁለትና ሦስት ወር ያለ እንቁላል ያልፋል። ስለዚህ መታቀፏ በማይፈለግበት ጊዜ ላባ በአፍንጫዋ ይሰካሉ፤ ይዘቀዝቋታል፤ ጎረቤት ወስደው ያሳድሯታል። ይህንን ለማስቀረት ሲባል እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አማካይነት ኋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሰሉ የፈረንጅ ዶሮዎች ገቡ። ኋይት ሌግሆርን ብዙ ትጥላለች፤ አትታቀፍም። የጃፓኗ ድርጭት የሄደችበትን መንገድ ነው የሄደችው። እንቁላል ለሚሸጥ ሰው ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጫጩት ባለቀ ቁጥር ወደ ከተማ ሄዶ ከሌላ ሰው እጅ መግዛት ግድ ይሆናል። የሐበሻ ዶሮ ያላት ሴት ግን ጫጩቷ ከቆጧ ሥር ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ ድርጭት መፈልፈል

እንግዲህ በቀድሞ ስሟ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ድርጭት ሊያረባ ለሚነሳ ሰው ይህ ታሪክ ምን ይጠቅመዋል? ብዙ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ የደጋን አየር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንቁላል በቅርፊቱ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል። አየሩ ሲሳሳ ጽንሱ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ውሃው ደግሞ ቶሎ ይተናል። በዚህም ምክንያት ከቆላ የመጣ እንቁላል በደጋ ላይ ሲፈለፈል ብዙው ሞቶ ይቀራል። የሚደንቀው ግን በደጋ ለብዙ ጊዜ የኖሩ ወፎች ቀዳዳው ለከፍታው የተመጠነ እንቁላል መጣላቸው ነው። እናቲቱ የምትኖርበትን አገር በቅርፊቱ ላይ ትጽፈዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ አገር ሄዶ እንቁላል ከማምጣት፣ በዚሁ በደጋ ከኖሩ ወፎች የተገኘ እንቁላል መፈለግ ይበጃል።

ሁለተኛ፣ የእንቁላሉ አያያዝ ነው። ለመፈልፈል የሚቀመጥ እንቁላል ከአንድ ሳምንት ባይበልጥ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። በማሽን ከሆነ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እስከ 14ኛው ቀን በየቀኑ ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ማገላበጡ ይቆማል፤ ርጥበቱ ይጨመራል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ክዳኑን እየከፈቱ ማየት ጫጩቱን ቅርፊት ውስጥ ያደርቀዋል። መብራት ሲጠፋ መደናገጥ አይገባም። ዶሮም ከእንቁላሏ ትነሳለችና ጽንስ ለተወሰነ ጊዜ መቀዝቀዝን ይችላል፤ ማሽኑን በብርድ ልብስ መሸፈን ይረዳል። የሚገድለው ይልቁን ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው። የማሽኑ ቀዳዳ ግን መዘጋት የለበትም፤ ቀድሞውንም በሳሳ አየር ላይ ሌላ እጦት መጨመር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማሽን የሌለው ሰው የሐበሻ ዶሮን ሊጠቀም ይችላል። ሆኖም የድርጭት እንቁላል ቅርፊቱ ስስ በመሆኑ ትልቅ ዶሮ ትሰብረዋለች። ትንሽ፣ ቀለል ያለች፣ እርጋታ ያላት ታቃፊ መመረጥ አለባት። የዶሮ እንቁላልና የድርጭት እንቁላል በአንድ ጊዜ አይቀመጡም፤ ድርጭቱ በ17 ወይም በ18 ቀን ሲፈለፈል የዶሮው ገና ነውና፣ ጫጩት ባየች ጊዜ የቀረውን ትታ ትነሳለች። ሌላም ስጋት አለ። ፈንግልን የመሰለ በሽታ ከዶሮ ወደ ድርጭት ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ዶሮዋ ጤነኛና በቤቱ የቆየች መሆኗን ማረጋገጥ፣ ከዚያም በኋላ ሁለቱን ለይቶ ማሳደግ ያስፈልጋል።

ከቅርፊቱ ከወጣ በኋላ

የተፈለፈለ የድርጭት ጫጩት ክብደቱ 7 ወይም 8 ግራም ነው። ከአንድ ማንኪያ ጤፍ ብዙም አይበልጥም። የዶሮ ጫጩት የሚቋቋመውን የደብረ ማርቆስ የሌሊት ብርድ ይህ አይቋቋመውም። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪና ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ ላባ እስኪያወጣ ድረስ ሦስትና አራት ሳምንት ማሞቅ ነው። ቴርሞሜትር ባይኖር ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ተቃቅፈው ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ሸሽተው ዳር ከያዙና አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ደህና ናቸው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ማቀጣጠል ግን ጫጩቱንም ባለቤቱንም የሚገድል ነውና አደራ!

በአገራችን ተመራማሪዎች ለዶሮ ጫጩት የሞከሩት የገለባ ሳጥን የሚባል ዘዴ አለ። ዙሪያው በድርቆሽ የተጠቀጠቀ ሳጥን ሲሆን፣ ጫጩቶቹ ሌሊት በራሳቸው ሙቀት እንዲሞቁ ያደርጋል። የድርጭት ጫጩት ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ብቻውን አይበቃውም፤ ሙቅ ውሃ የሞላ ጀሪካን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ያግዛል።

ወለሉ የሚያንሸራትት መሆን የለበትም። ጫጩት ለስላሳ ወረቀት ላይ ሲቆም እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ተከፍተው በዚያው ይቀራሉ፤ ሻካራ ጨርቅ ማንጠፍ ይበቃል። መቆሚያ የማጣትን ነገር ካነሳን አንድ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1990 ሚር በተባለችው የሶቪየት የጠፈር ጣቢያ ላይ የድርጭት እንቁላሎች ተፈለፈሉ። በጠፈር የተፈለፈሉ የመጀመሪያዎቹ ወፎች ድርጭቶች ናቸው። ማሽኑ ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ ጫጩቶቹ ግን የሚቆሙበት ስላልነበራቸው ተንሳፈፉ፤ ወደ ምግባቸው መድረስ አልቻሉም፤ የሰው እጅ ካልያዛቸው በስተቀር አልበሉም። መፈልፈል አንድ ነገር ነው፤ ማሳደግ ሌላ ነገር ነው።

የውሃ መጠጫው ጥልቀት የሌለው ሆኖ ጠጠር ይደረግበታል፤ አለዚያ ጫጩቱ በአንድ ጣት ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። መኖው የደቀቀና ከዶሮ ጫጩት መኖ ይልቅ በፕሮቲን የበለጸገ መሆን አለበት፤ ተቀቅሎ የተፈረፈረ እንቁላል ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል። የወፍ ቤቱ ጣሪያ ወይ እጅግ ዝቅ ያለ፣ ወይ ከሰው ቁመት በላይ ይሁን። ድርጭት ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለሚተኮስ፣ መካከለኛ ከፍታ ያለው ጣሪያ ራሱን ይሰብረዋል። የሽቦው ወንፊት ሸለምጥማጥና አይጥ የማያስገባ መሆን አለበት። ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው የወንዱ ደረት ቀላ ያለ፣ የሴቷ ነጠብጣብ ያለበት ይሆናል፤ ለአንድ ወንድ ሁለት እስከ አራት ሴት ይበቃሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የጃፓኑን ድርጭት ወደ ሜዳ መልቀቅ አይገባም። ሁለቱ ዘመዳሞች ሊዳቀሉ ይችላሉ። በአውሮፓ ለአደን ተብለው የተለቀቁ የእርባታ ድርጭቶች ከዱሩ ጋር እየተዳቀሉ ለተፈጥሮው ዝርያ ስጋት ሆነዋል። በረሃና ባሕር የሚያቋርጠውን ወፍ፣ መንገዱን በማያውቅ ወፍ ደም መበረዝ ከበደል ይቆጠራል።

የተረሳው አልጠፋም

አንባቢ ሆይ! ለመሆኑ የቤቷ ድርጭት እናትነቷን ጨርሳ ጥላዋለች? እዚህ ላይ ልብ የሚያሳርፍ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች የቤት ድርጭቶችን ከጠባብ የሽቦ ሳጥን አውጥተው፣ ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ሰፊ የወፍ ቤት ውስጥ ለቀቋቸው። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ጎጆ አበጁ፤ ታቀፉ፤ ፈለፈሉም። በፈረንሳይ ሬን ከተማ ደግሞ ታቅፈው የማያውቁ ሴት ድርጭቶች ሲመሽ ከጫጩቶች ጋር በጠባብ ሳጥን ውስጥ ሲደረጉ፣ ብዙዎቹ ሌሊቱን ክንፋቸውን ዘርግተው ጫጩቶቹን እንደ ራሳቸው ልጅ ሲይዙ ታይተዋል። እነሆ ከስንት ትውልድ በኋላ በውስጧ የተቀመጠው ነገር አልሞተም። ሰው ቦታውን ነሣት እንጂ ፈጣሪዋ የሰጣትን አልነጠቃትም።

ከዚህ የምንረዳው ማሽን ክፉ ነው ማለትን አይደለም። የግብፅ ምድጃ ከተሞችን መግቧል፤ የዛሬው ማሽንም ይመግባል። በጓሮው ድርጭት አርብቶ ቤቱን የሚደጉም ወጣት ሊመሰገን ይገባዋል። እኔ የምለው ይህንን ነው፦ የእናትን ሥራ የወሰደ ሰው የእናትን አማና ወስዷል። ሌሊት ተነስቶ ሙቀቱን ሊያይ፣ ውሃውን ሊቀይር፣ የደከመውን ሊያነሳ ግዴታ አለበት። ትርፉን ወስዶ ይህንን ሸክም ጥሎ መሄድ አይቻልም።

በዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ተዘግቦ አቡ ዳውድ በሰፈሩት ሐዲስ እንደተነገረው፣ ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶችን ወሰዱ። እናቲቱም መጥታ ክንፏን እያራገበች ታንዣብብ ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህንን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዙ። የአንዲት ወፍ ጭንቀት በእሳቸው ዘንድ ይህን ያህል ክብደት ነበረው።

ከድርጭቷም ጋር፣ በየቆጡ ያለችውን የሐበሻ ዶሮ አንናቃት። እንቁላሏ ጥቂት ነው እያልን በማታቀፍ ዶሮ ሁሉንም ብንለውጥ፣ አል-ባግዳዲ በግብፅ ያዩት ነገር በእኛም ዘንድ ሊደርስ ይችላል፤ ዶሮ ራሷ እንደምትታቀፍ የማያውቅ ልጅ ይወለድ ይሆናል። ያኔ የሚጠፋው የዶሮዋ ጠባይ ብቻ አይደለም። የትኛዋ ዶሮ እንደምትመረጥ፣ እንቁላል እንዴት እንደሚለይ፣ በየትኛው ወር እንደሚታቀፍ የሚያውቁት የእናቶቻችን እውቀትም አብሮ ይጠፋል። ይህ እውቀት በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ያለው በእጃቸው ነው። ስለዚህ ማሽን የምትገዛ ወንድሜ፣ አስቀድመህ ከእናትህ ዘንድ ቁጭ በል፤ እህቴም አንቺ ከአያትሽ ጠይቂ። ሲያስታቅፉ እዩ፤ ምክንያቱን ጠይቁ፤ ጻፉትም። ከዚያ በኋላ በማሽኑም በዶሮዋም ተጠቀሙ።

ወላሁ አዕለም።